ጧፍ፣ ሻማና ሳሙና በቤት፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሰው የሚሆን ዝርዝር አሠራር

አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይደለም። የሱፍ ዘይት በባሕር ዳር ሙቀት ሊትሩ ሲመዘን 915 ግራም ገደማ ነው። ይህችን 85 ግራም ንቆ በሊትር የለካ ሰው ሳሙናው እጅ ይልጥበታል፤ ጥፋቱን ግን በኮስቲክ ሶዳው (ዘይቱን ወደ ሳሙና በሚለውጠው ኃይለኛ ኬሚካል) ያላክካል። ሻማም ላይ እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ ጧፍ የሚጨሰው ሰሙ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ክሩ ለሰሙ ስለወፈረ ነው። ስለዚህ ከሰሙም ከዘይቱም በፊት የሚገዛው ዕቃ አንድ ግራም የሚለይ ዲጂታል ሚዛን ነው። ቀጥሎ እስከ 110 ዲግሪ የሚያነብ ቴርሞሜትር። የትኩሳት መለኪያው አይሆንም፤ 42 ላይ ያበቃል።

ቴርሞሜትሩን ሲገዙ በሚፈላ ውሃ ይፈትኑት። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መለኪያው 94 ካለ ደህና ነው። 100 ካለ ስድስት ዲግሪ አብልጦ ያነባል ማለት ነውና ያን እየቀነሱ ይጠቀሙ።

ድስቱን መለየት

በየቤቱ የሚገኘው ድስት አብዛኛው አሉሚኒየም ነው። ለሰም ጥሩ ነው፤ ሰምን የሚያጠቁረው ብረትና መዳብ ነው። ለሳሙና ግን አሉሚኒየም ጨርሶ ክልክል። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ሲነካ ይፍለቀለቃል፣ በእሳት የሚያያዝ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፣ ድስቱንም ይበሳዋል። ማንኪያውም ቢሆን ያው ነው። ለሳሙና የማይዝግ ድስት (እስቴንለስ)፣ ወይም ሥሩ ላይ 2 ወይም 5 ቁጥር የታተመበት ወፍራም ፕላስቲክ ባልዲ ይያዙ። ብርጭቆ ይቅርብዎ፤ በድንገተኛ ሙቀት ይሰነጠቃል። ለሳሙና የዋለ ዕቃ ወደ ወጥ ቤት አይመለስም።

ሰፈፍን ማጥራት

ሰም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ጠጅ ቤት አለ። ማሩ ከነእንጀራው ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚንሳፈፈው ሰፈፍ ተገፎ ይወጣል። ማር በብዛት የሚቆረጠው በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሳምንታት ሰፈፍ እንደልብ ነው።

ሰፈፉን በገዙበት ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው ይጠቡት። ጣፋጩና ኮምጣጣው ካልወጣ ሲሞቅ ያራል፣ ሰሙንም ቡናማ ያደርገዋል። ካደረ ይሻግታል፣ ከሰነበተ የሰም ብል ይገባበታል። የታጠበውን በአሮጌ አቡጀዲ ከረጢት ከተው አፉን ይሠሩ፤ እንዳይንሳፈፍ ንጹሕ ድንጋይ አብረው ያስገቡ። ከዚያ ድስት ውስጥ አድርገው ከላዩ አራት ጣት የሚያልፍ ውሃ ይጨምሩ። የተጣራ የዝናብ ውሃ ከሁሉ ይሻላል። የቧንቧ ውሃ ከሆነ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምቁበት፤ ውሃው ከሰሙ ጋር ተላቁጦ እንዳይቀር ይረዳል።

እሳቱ መለስተኛ ይሁን። 80 እስከ 90 ዲግሪ ይበቃል፤ ሰም የሚቀልጠው 62 እስከ 64 ላይ ነው። ተንተክትኮ ከፈላ ሰምና ውሃ ተደባልቀው ስፖንጅ የመሰለ ነገር ይወጣል። ለአንድ ሰዓት ያህል ከረጢቱን በእንጨት እየተጫኑ ይቆዩ፤ ሰሙ እየጠለለ ላይ ይወጣል። ሲያበቃ ድስቱን አውርደው ክዳኑን ይግጠሙ፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ያሳድሩት። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ ሰም ቆሻሻውን ወደ ታች ይለቃል። ቶሎ ከቀዘቀዘ ግን ቆሻሻው መሐሉ እንደተበተነ ይረጋል፣ ላዩም ይሰነጠቃል። ጠዋት የረጋውን የሰም ክብ አውጥተው በሥሩ የተጣበቀውን ቡናማ ጭቃ በቢላ ይፋቁ። አንዴ በቂ አይደለም፤ ቢያንስ ሁለቴ ይደገማል። በመጨረሻ ውሃ ሳይቀላቀልበት፣ የሰሙን ጣሳ ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጦ አቅልጦ በነጠላ ማጥለል።

የተጣራ ሰም ከሌላ ሰው የሚገዙ ከሆነ ፓራፊን ወይም ሞራ እንዳልተቀላቀለበት መፈተኛው ቀላል ነው። የአልኮል ጉልበቱ 45 ዲግሪ (በመቶ) የሚደርስ ዳግም አረቄ በብርጭቆ ቀድተው አየር ያልያዘ የሰም ቁራጭ ይጣሉበት። ንጹሕ ሰም ይሰምጣል፤ ፓራፊንና ሞራ ከአረቄው ስለሚቀሉ ይንሳፈፋሉ። የቤት አረቄ ጉልበቱ ይለያያልና መጀመሪያ ንጹሕነቱን በሚያውቁት ቁራጭ ይሞክሩ። ማኘክም ይረዳል፦ ንጹሕ ሰም ጥርስ ላይ አይለጠፍም። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚወስድ ሰው ሰም ነው ብሎ ነውና የሚገዛው፣ ፓራፊን ደባልቆ በሰም ስም መሸጥ ንግድ አይባልም።

ክሩ

ከሱቅ የሚገዛ ክር ብዙው ናይለን ያለበት ነው። ጫፉን ያቃጥሉት፦ ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመድ ይሆናል፤ ናይለን ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ከገበያ የሚገዛ በእጅ የተፈተለ ማግ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፣ ግን እኩል አይወፍርም። ስለዚህ ለቀጭን ጧፍ ሁለት ወይም ሦስት ማግ አንድ ላይ ይከረራል። ለወፍራም ሻማ ሦስት ዘለላ ክር እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል፤ የተጎነጎነ ክር ሲነድ ጫፉ ወደ ጎን ይታጠፍና እየተቃጠለ ያጥራል፣ የተከረረው ግን ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥላሸት ያበዛል።

ክሩን ሰም ከመያዙ በፊት በ75 ዲግሪ ሰም ውስጥ ነክረው አረፋ መትፋት እስኪያቆም ይተዉት። አረፋው በክሩ ውስጥ የነበረ አየርና እርጥበት ነው። ይህን ያልጨረሰ ክር ሲለኮስ ይንጣጣል፣ መሐል ላይም ይጠፋል። ያውጡና ሁለቱን ጫፍ ይዘው ገትረው ያቀዝቅዙት።

ጧፍ መሳብ፣ ሻማ መንከር

ሰም በቀጥታ እሳት ላይ አይጣድም። ትልቅ ድስት ውሃ፣ በውስጡ የሰሙ ጣሳ፣ በሥሩ ደግሞ ጣሳው ድስቱን እንዳይነካ ጨርቅ። ውሃው ከ94 ዲግሪ ስለማያልፍ ሰሙም አያልፍም። ውሃው ግን እንዳይደርቅ ይጠበቃል። ሰም ከተቀጣጠለ ውሃ አይደፋበትም፤ ይፈነዳል። ክዳን መግጠምና እሳቱን ማጥፋት ነው። ከጣሳው አጠገብ ልክ የሚሆን ክዳን ሳያዘጋጁ አይጀምሩ።

ጧፍ ለመሥራት ጥልቅ ዕቃ አያስፈልግም። አምስት ሜትር ያህል ክር ተቆርጦ ዝርግ ሳህን ውስጥ ባለ ሰም ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሳባል። ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል፦ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ይቀበላል። ሰሙ 68 እስከ 72 ዲግሪ ይሁን። በአንድ ማለፍ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይሳባል፣ ከስድስት እስከ አሥር ጊዜ። ለብ እንዳለ በእርጥብ ጣውላ ላይ በመዳፍ አንከባለው ያስተካክሉትና በ30 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ። ጉብጉብ ካለ ሰሙ ቀዝቅዟል። ከመወፈር ይልቅ እየሳሳ ከሄደ ሰሙ ግሏል፣ የቀደመውን ሽፋን እያቀለጠ ነው።

ወፍራም ሻማ በመንከር የሚሠራ ከሆነ ጠበብ ያለ ረጅም ቆርቆሮ ያስፈልጋል። ስፋቱ 8፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ለመሙላት 1.2 ኪሎ ያህል ሰም ይጠጣል። ክሩ ጫፍ ላይ ብሎን ታስሮ ቀጥ እንዲል ይደረጋል። መንከሩ ፈጣን ነው፦ አንድ ሰከንድ ገብቶ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ተሰቅሎ ይቆያል። ውስጥ የሚያቆየው ሰው ሻማው አይወፍርለትም። ከሃያ እስከ ሠላሳ ጊዜ መንከር የተለመደ ነው፤ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት የመቆያው ጊዜ ይረዝማል፣ ስለዚህ በማለዳ መሥራት ነው።

በብርጭቆ ለሚፈስ ሻማ ሰሙ 70 ዲግሪ ላይ ይቀዳል፣ ብርጭቆውም አስቀድሞ በሙቅ ውሃ ይሞቃል፣ ይደረቃል። ከሐይቁ የሚመጣው የከሰዓት ነፋስ በቀጥታ ካገኘው ይሰነጠቃል፤ ካርቶን ይድፉበት።

የክሩን ውፍረት የሚወስነው ሙከራ ብቻ ነው። አንዱን ሻማ ሁለት ሰዓት ተኩል ያንድዱ። ዙሪያው ሳይቀልጥ መሐሉ ብቻ ወደ ጉድጓድ ከሄደ ክሩ ቀጥኗል። ነበልባሉ ከረዘመ፣ ከጨሰና ጫፉ እንደ እንጉዳይ ካበጠ ክሩ ወፍሯል። ሁለቱም ካልሆነና ግን በአንድ ጎን ከቀለጠ ነፋስ ነው። ከመለኮሱ በፊት ክሩ ስድስት ሚሊ ሜትር እንዲሆን ይቆረጣል። ከወራት በኋላ ላዩ ላይ የሚወጣው ነጭ አቧራ ሻጋታ አይደለም፤ የንጹሕ ሰም ጠባይ ነው፣ በለስላሳ ጨርቅ ይጠረጋል።

ሳሙና፦ ስሌቱ

እያንዳንዱ ዘይት የሚበላው የኮስቲክ ሶዳ መጠን የራሱ ነው። አንድ ግራም የኮኮናት ዘይት 0.183 ግራም ይፈልጋል፣ የረጋው ዘይት (ፓልም) 0.141፣ የበሬ ሞራ 0.140፣ ሱፍና ኑግ 0.135፣ የጉሎ ዘይት 0.128። ከድምሩ አምስት በመቶ ይቀነሳል፤ ትንሽ ዘይት ሳይበላ ቀርቶ ቆዳን እንዲያለሰልስ፣ ስሕተትም ቢኖር እንዲሸከም ነው። አሥራ አራት ያህል ባለ 100 ግራም ሳሙና የሚያወጣው ልክ ይኸውና፦

የረጋ ዘይት 600 ግራም
የኮኮናት ዘይት 250 ግራም
የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት 150 ግራም
ኮስቲክ ሶዳ 143 ግራም
ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ 290 ግራም

ስሌቱ፦ 84.6 ሲደመር 45.75 ሲደመር 20.25፣ ድምሩ 150.6፤ አምስት በመቶ ሲቀነስ 143። አሁን መግቢያው ላይ ወዳለው ሊትር እንመለስ። ዘይቱ በሊትር ተለክቶ አንድ ኪሎ ከተባለ በእውነት ያለው 915 ግራም ነው፤ የተቀነሰው አምስት በመቶ ይህን ጉድለት አይሸፍንም፣ ኮስቲኩ ይተርፋል። እጅ የሚልጠው ይኼ የተረፈው ነው።

የኮኮናት ዘይት ዋጋው ከከበደ 850 የረጋ ዘይትና 150 የሱፍ ዘይት በ133 ግራም ኮስቲክና በ270 ግራም ውሃ ይሠራል። ጠንካራና የሚበረክት ሳሙና ይወጣል፤ አረፋው ግን ስስታም ነው። ኑግ ከ150 ግራም በላይ አይጨመር። ኑግ ቶሎ የሚበላሽ ዘይት ነው፤ የበዛበት ሳሙና በጥቂት ወራት ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይከረፋል።

በረጋው ዘይት ፈንታ ሞራ መጠቀም ይቻላል፤ ኮስቲኩን ወደ 142 ማውረድ ብቻ ነው። ከሥጋ ቤት የመጣ ሞራ በደቃቁ ተከትፎ፣ በኪሎ አንድ ማንኪያ ጨውና ሞራውን የሚሸፍን ውሃ ተጨምሮ በዝግታ ይቀቀላል፤ ይጠለላል፤ ሲረጋ ሥሩ ይፋቃል። ሽታው እስኪጠፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። በሁዳዴ ሥጋ ቤቱ ስለሚዘጋ በፍስክ አንጥሮ ማስቀመጥ ነው።

ኮስቲኩ ምንም ያልተቀላቀለበት ይሁን። የተደፈነ ቧንቧ መክፈቻ ተብሎ የሚሸጠው አንዳንዱ የአሉሚኒየም ብናኝ ስላለበት ለሳሙና አይሆንም። ተከፍቶ የሰነበተና ላብ ያወጣ ኮስቲክ ውሃ ጠጥቷል፤ 143 ግራም ቢመዘን 143 አይሆንም። ሌላም ማስጠንቀቂያ፦ ለሳሙናው ንጹሕ ውሃ ፈልገው ለባትሪ ተብሎ የሚሸጠውን ውሃ ሲጠይቁ በስሕተት የባትሪው አሲድ ሊሰጥዎ ይችላል። ኮስቲክ ውስጥ አሲድ ማፍሰስ አደጋ ነውና የዝናብ ውሃ አፍልቶና አጥልሎ መጠቀም ይሻላል።

ማቅለጥ፣ ማዋሐድ፣ ማፍሰስ

ረጅም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መነጽር፣ እጀ ሙሉ ልብስ፣ የተሸፈነ ጫማ። ልጆች ከግቢው ይውጡ። የኮስቲክ ውሃ በለስላሳ ወይም በውሃ ጠርሙስ ለአንድ ደቂቃም አይቀመጥ፤ ንጹሕ ውሃ ነው የሚመስለው።

ደጅ ላይ፣ ነፋሱን በጀርባ ይዘው፣ ኮስቲኩን ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ እያማሰሉ ይጨምሩ። ውሃን ወደ ኮስቲክ መጨመር ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል። በደቂቃ ውስጥ ከ80 ዲግሪ ያልፋል፣ ስለዚህ ውሃው ቀዝቃዛ መሆን አለበት። የሚወጣውን ጭስ አይተንፍሱ። ሲጠራ ለብቻው ይቀመጥና ይብረድ።

ቆዳ ላይ ከተረጨ ወዲያው በብዙ የሚፈስ ውሃ ይታጠባል። ሎሚና አቸቶ የማፍሰስ ልማድ አለ፤ አይጠቅምም፣ ቃጠሎውን በሙቀት ያባብሳል። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እየታጠበ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት።

የረጋውን ዘይት ከነሥሩ ሙሉ በሙሉ ያቅልጡት፤ ጠጣሩና ፈሳሹ በጄሪካኑ ውስጥ ይለያያሉና ከላይ የተቀዳ ብቻ ልኩን ያዛባል። ዘይቱም ኮስቲኩም 40 እስከ 45 ዲግሪ ሲደርሱ ኮስቲኩን በቀጭኑ ወደ ዘይቱ እያፈሰሱ ማማሰል ነው። በኤሌክትሪክ የእጅ መፍጫ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ መብራት ከሌለ በእጅ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት። ማማሰያውን ሲያነሱ የሚንጠባጠበው ጠብታ ላዩ ላይ ዱካ ጥሎ፣ ዱካውም ሳይሰጥም ለአፍታ ከቆየ ደርሷል፤ ውፍረቱ እንደ ሳሳ አጥሚት ነው። ዘይቱ ከ38 ዲግሪ በታች ከወረደ የረጋው ዘይት ራሱ መርጋት ይጀምርና የደረሰ ያስመስላል። ይህ ያታልላል፦ ያፈሰሱት በማግስቱ ከላይ ዘይት፣ ከታች የኮስቲክ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

25 በ8 በ8 የሆነ የእንጨት ሳጥን ወይም ጠንካራ ካርቶን በፕላስቲክ ለብጠው ያፍስሱት። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አድርገው አየሩን ያስወጡ፣ ይክደኑ፣ በብርድ ልብስ ይጠቅልሉ። ከ24 እስከ 48 ሰዓት በኋላ እንደ አይብ ሲጠነክር በጓንት አውጥተው ይቆራርጡ፤ ከዘገየ ይሰባበራል።

ሽታና ቀለም

የሽቶ ብልቃጥ ይዘው የሚመጡ አሉ። ሽቶ አልኮል ነው፤ ሳሙናውን በቅጽበት ያደድረዋል። የባሕር ዛፍ ዘይት ለአንድ ኪሎ 20 ግራም ይበቃል፤ የሚጨመረው ዱካው ከታየ በኋላ ነው። ከዘጌ ቡና የተረፈ አተላ በደንብ ደርቆ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢገባ የሽንኩርት ሽታ ከእጅ ያስለቅቃል። ማር አንድ ማንኪያ፣ አይበልጥ፤ ስኳሩ ሳሙናውን ስለሚያግለው ያን ቀን ብርድ ልብሱ ይቅር። እርድ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፦ ኮስቲኩ ሲነካው መጀመሪያ ቀይ ይሆናል፣ አይደንግጡ፣ ወደ ብርቱካናማ ቢጫ ይመለሳል። እርጥብ ቅጠልና ፍራፍሬ ግን ይጠቁራል፣ ይሻግታል።

ማቆየት፣ በተለይ በክረምት

የተቆረጠው ሳሙና ሳይነካካ በመደርደሪያ ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆማል። ይህ ጊዜ ውሃው የሚወጣበት ነው። ሳይደርቅ የተሸጠ ሳሙና በሦስት ቀን ያልቃል፣ ደንበኛም አይመለስም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የጣና ዳር አየር ራሱ እርጥብ ስለሆነ ስምንት ሳምንት ይያዙለት፣ በየሳምንቱም ይገልብጡት። በዚህ ወቅት ላዩ ላይ ላብ የሚመስል ጠብታ ቢታይ ሳሙናው አልተበላሸም፤ በውስጡ ያለው ግሊሰሪን ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ነው። በፕላስቲክ ጠቅልሎ መደበቅ ያባብሰዋል፤ አየር በሚያገኝበት ወረቀት ይሁን።

ሲያበቃ መፈተኛው፦ ሳሙናውን አርሰው ጣት ያሹበትና ጣቱን ምላስ ጫፍ ላይ ነካ ያድርጉ። የሳሙና ጣዕም ብቻ ከሆነ ደህና ነው። እንደ ባትሪ ከነዘረ የተረፈ ኮስቲክ አለ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ አሁንም ከነዘረ በሞረድ ፍቀው፣ 50 ግራም የተመዘነ ዘይትና አንድ ስኒ ውሃ ጨምረው በመለስተኛ እሳት እስኪለሰልስ ያማስሉ፣ እንደገና ያፍስሱ፣ እንደገና ይፈትኑ። መልኩ እንደ ቅንጬ ይሆናል፣ ግን ያጥባል። ላዩ ላይ የሚታይ ነጭ ዱቄት ግን ብቻውን አያስፈራም፤ ኮስቲኩ አየር ሲነካው የሚሠራው ነው፣ በቢላ ይፋቃል።

የዕቃው እጣቢ ወደ ሐይቁ ወይም ወደ አባይ አይደፋ። ኮስቲክ የነካው ባልዲ በብዙ ውሃ ተለቅልቆ፣ ውሃው ከተክል ርቆ በጉድጓድ ይፈስሳል። ሳሙና ሳይመጣ በፊት ልብስ ይታጠብበት የነበረው እንዶድም ቢሆን ለውሃ እንስሳ የዋህ አይደለም፦ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ነበር፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ይገኙ ነበር። እንዶድ ዓሣም ይገድላል። የእንዶድ ፍሬ ፈጭተው ሳሙና ላይ የሚጨምሩ አሉና፣ የዚያ ባልዲ እጣቢም ከዚያው ጉድጓድ ይግባ።